የሀዋሳ መንግስት ት/ቤቶች ብር ሲያጥራቸው ምን ያደርጋሉ? ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁት

ይሄን ያዘጋጀሁት በወላጅ ተማሪ መምህር ህብረት (ወተመህ) ስብሰባ ላይ በየዓመቱ የሚነሱት ጥያቄዎች አንድ አይነት ስለሆኑብኝ ነው። እኔም እዚሁ ሀዋሳ ልጆቼን መንግስት ት/ቤት የማስተምር ወላጅ ነኝ፣ ህብረቱ ውስጥም ስላገለገልኩ የት/ቤት ሂሳብ ከውስጥ ምን እንደሚመስል አይቻለሁ። የብር እጥረቱ እውነት ነው። ግን ወላጅ መዋጮ ላይ የሚቀዘቅዘው ስለሌለው ብቻ አይደለም፣ አምና የሰጠው የት እንደገባ የነገረው ስለሌለ ጭምር ነው፣ ይሄንን ርዕሳነ መምህራንም ክፍለ ከተማዎችም ቢሰሙኝ ደስ ይለኛል።

ትምህርት ነፃ ነው ይባል የለ እንዴ? ታዲያ በየዓመቱ መዋጮ የሚጠየቀው ለምንድነው?

ነፃ ነው፣ አዎ። በ1986 የወጣው ፖሊሲ እስከ 10ኛ ክፍል ነፃ ነበር ያለው፣ በ2015 የፀደቀው ደግሞ እስከ 12ኛ ነፃ፣ እስከ 8ኛ ግዴታ ነው ይላል። ግን ልጁ አይከፍልም ማለት ት/ቤቱ ወጪ የለበትም ማለት አይደለም። መንግስት የመምህራንን ደመወዝ ይከፍላል፣ ትልቁ ወጪም እሱ ነው፣ ከሱ ተርፎ ለስራ ማስኬጃ የሚደርሰው ግን በጣም ትንሽ ነው። ጠመኔ፣ የፈተና ወረቀት፣ የመብራትና የውሃ ቢል፣ የተሰበረ መስኮት፣ የሽንት ቤት በር፣ ብዙ ቦታ የተጨማሪ ጥበቃና የፅዳት ሰራተኛ ክፍያ ሳይቀር ከዚችው ትንሽ ብር ነው የሚወጣው፣ ስትጎድል ወደ እኛ ይመጣሉ።

የመንግስት በጀት ት/ቤት ጋ እስኪደርስ በማን በማን እጅ ያልፋል?

ፌደራል መንግስት ለክልሎች ድጎማ ይሰጣል፣ ማከፋፈያ ቀመሩን የሚያወጣው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ሲዳማ በ2012 ክልል ከሆነ ወዲህ ድርሻውን በቀጥታ ይቀበላል፣ ከራሱ ገቢ ጋር ደምሮ ለወረዳዎችና ለከተማ አስተዳደሮች ያወርዳል፣ ብሎክ ግራንት የሚባለው ይሄ ነው። ከተማው ደግሞ ከደረሰው ላይ ለጤናው፣ ለመንገዱ፣ ለትምህርቱ ይደለድላል፣ ከዛ ክፍለ ከተማ፣ ከዛ ት/ቤት።

ማወቅ ያለባችሁ፣ ርዕሰ መምህሩ የደመወዝን ብር በእጁ አይነካውም፣ ፋይናንስ ነው የሚከፍለው። እሱ የሚያዝበት ስራ ማስኬጃውን፣ ስኩል ግራንቱንና የውስጥ ገቢውን ብቻ ነው። ስለዚህ ለትምህርት ይሄን ያህል ሚሊዮን ተበጀተ የሚል ዜና ሰምቶ ርዕሰ መምህሩ ላይ መጮህ ፍትሃዊ አይደለም። የሚጠየቅበት ነገር ሌላ ነው፣ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

ስኩል ግራንት ሲሉ እሰማለሁ፣ ምንድነው?

ከ2001 ዓ.ም ጀምሮ በአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም የመጣ፣ የዓለም ባንክና ሌሎች ለጋሾች ያሉበት፣ በተማሪ ቁጥር ተባዝቶ ለት/ቤት የሚሰጥ ብር ነው። ሲጀመር ለታችኞቹ ክፍሎች ለአንድ ተማሪ በዓመት 50 ብር አካባቢ ነበር፣ 1,200 ተማሪ ያለው ት/ቤት ነው ብንል 60,000 ብር ማለት ነው። ያኔ በ60,000 ብር ስንት ነገር ይሰራ ነበር፣ ዛሬ ግን ወረቀት ገዝታችሁ ሳትጨርሱ ያልቃል። ደመወዝ አይከፈልበትም፣ ከት/ቤቱ የመሻሻል እቅድ ጋር ተያይዞ ነው የሚወጣው።

የሚያስቸግረው ጊዜው ነው። ትምህርት መስከረም ላይ ይጀምራል፣ ብሩ ግን ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚገባው፣ ቁጥሩም የሚወሰደው ቀደም ብሎ ከተሰበሰበ መረጃ ስለሆነ ዘንድሮ አዲስ የገቡት ልጆች አይታሰቡም፣ እንደ ሀዋሳ በየዓመቱ ሰው ለሚጨምርበት ከተማ ይሄ ትልቅ ጉዳት ነው። መስከረምን በዱቤ የሚያልፉ ት/ቤቶች አሉ፣ የፅህፈት መሳሪያ ሱቅ ባለቤቱን ለምነው፣ ብሩ ሲገባ እንከፍልሃለን ብለው።

ለምንድነው ከድሮው የባሰው?

አንደኛ ዋጋ። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ባንክ ላይ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ፣ ወረቀቱም ቶነሩም ቆርቆሮውም ከውጭ የሚመጣ ነገር ሁሉ ተከትሎት ወጣ፣ የት/ቤት ስራ ማስኬጃ ግን አብሮ አልወጣም።

ሁለተኛ የልጆቹ ብዛት። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ሲመረቅ ከየገጠሩ ስንት ወጣት ገባ፣ እዚሁ የቀረ፣ የወለደም አለ፣ ከተማውም በቱላ በኩል በሉት በጥቁር ውሃ በኩል እየሰፋ ሄደ። ኢትዮጵያ በ2014 ከአጎዋ (ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ መላክ ከሚፈቅደው እድል) ስትወጣ ደግሞ ፓርኩ ውስጥ ስራቸውን ያጡ ሰዎች አሉ፣ እነሱ መዋጮ ሊጨምሩ ይቅርና ለልጃቸው ደብተር መግዛት የከበዳቸው ናቸው፣ የግል ት/ቤት ክፍያ ሲንር ልጆቻቸውን ወደ መንግስት ያዞሩ ወላጆችም ጥቂት አይደሉም። በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ለአንደኛ ደረጃ፣ 40 ለሁለተኛ ደረጃ የሚለው ስታንዳርድ ወረቀት ላይ ነው ያለው።

ፈተና በተቃረበ ቁጥር "የወረቀት" እየተባለ የምንጠየቀው ብር እውነት ያን ያህል ያስፈልጋል?

ይሄን ጥያቄ በደንብ ልመልሰው ምክንያቱም ወላጅ በጣም የሚጠራጠረው እዚህ ጋ ነው።

1,200 ተማሪ ያለው ት/ቤት እንውሰድ። 8 ትምህርት ይፈተናሉ፣ አንዱ ፈተና 4 ገፅ ነው። በአንድ ገፅ ብቻ ከታተመ ለአንድ ልጅ 32 ሉክ ነው፣ ለሁሉም 38,400 ሉክ፣ አንድ ደስጣ 500 ሉክ ስለሆነ ወደ 77 ደስጣ ማለት ነው፣ ለአንድ ዙር ፈተና ብቻ! የሁለቱን ሴሚስተር አጋማሽና ማጠቃለያ ደምሩት፣ አራት ዙር ነው። ቀለሙና የማባዣ ማሽኑ ጥገና ገና አልተቆጠረም። ስለዚህ አዎ ያስፈልጋል።

ግን መቀነስ ይቻላል። በሁለቱም ገፅ ማተም ብቻ 77ቱን ወደ 39 ያወርደዋል። አይገርምም? አንዳንድ ት/ቤት ይሄን የማያደርገው ወረቀቱ ስስ ሆኖ ፅሁፉ ወደ ኋላ ስለሚታይ ነው፣ እሱ ደግሞ ትንሽ ወፈር ያለውን በመግዛት ይፈታል፣ ብትጨምሩበትም ያዋጣል። ሌሎች ደግሞ የአጋማሹን ፈተና መምህሩ ሰሌዳ ላይ እንዲፅፍ ያደርጋሉ፣ ማጠቃለያውን ብቻ ያትማሉ። እኔ ይሄኛውን አልወደውም። 70 ልጅ ባለበት ክፍል ከኋላ የተቀመጠ አይኑ ደከም ያለ ልጅ ጥያቄውን አንብቦ ሳይጨርስ ሰዓቱ ያልቃል፣ ጎኑ ካለው ልጅ ሲጠይቅ ደግሞ ኮረጅክ ይባላል። ቁጠባው የሚከፈለው ከዛ ልጅ ማርክ ላይ ነው። የግድ ከሆነ እንኳን ማየት የሚያስቸግራቸውን ልጆች ፊት አስቀምጡ።

የጥያቄ ወረቀቱን ሰብስቦ መልሱን በሌላ ወረቀት አሰርቶ ለሌላ ሴክሽን መልሶ መስጠትም አለ። ወረቀት ይቆጥባል፣ ግን ጠዋት የተፈተነው ከሰዓት ለሚፈተነው ስለሚያወራ ለትንንሽ ክፍሎች ካልሆነ አይሆንም።

የልጄ ክፍል ውስጥ አንድ ዴስክ ላይ አራት ልጅ ነው የሚቀመጠው፣ አዲስ ለምን አይገዛም?

ከመግዛት በፊት ግቢው ጀርባ ሂዱና እዩ። ብዙ ት/ቤት ውስጥ ከመማሪያ ክፍሎቹ ኋላ የተከመረ ኮምባይንድ ዴስክ (ወንበሩና ጠረጴዛው የተያያዘ) አለ፣ ዝናብና ፀሀይ የሚፈራረቅበት። ብረቱ ደህና ነው፣ ቀድሞ የሚሄደው ጣውላው ነው። ቡሎኑ ሲላላ ልጆቹ ይወዛወዙበታል፣ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ጣውላው ይሰነጠቃል፣ ከዛ ይወጣና ይጣላል። ቡሎኑን በጊዜ ያጠበቀ ት/ቤት አንዱን ዴስክ ብዙ ዓመት ያቆየዋል። ጣውላ መቀየርና ብየዳ ደግሞ ከአዲስ ዴስክ ዋጋ ጋር አይወዳደርም፣ በጣም ይረክሳል።

የሚሰራው በክረምት ነው፣ ሐምሌና ነሐሴ ልጆቹ በሌሉበት። ከወላጅ መሃል አናፂም በያጅም አይጠፋም፣ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ሰልጣኞችም ለልምምድ ስራ ስለሚፈልጉ ት/ቤቱ በደብዳቤ ቢጠይቅ ጥሩ ነው። መታወቅ ያለበት ዴስኩ የመንግስት ንብረት ነው፣ የማይጠገነውን እንኳን ዝም ብሎ ለብረት ገዢ መሸጥ አይቻልም፣ በንብረት ማስወገድ ስርዓት በኮሚቴ ነው የሚሄደው። ብዙ ርዕሰ መምህር ይሄን ፕሮሰስ ሸሽቶ ክምሩን ዝም ብሎ ያየዋል። እባካችሁ ጀምሩት፣ የሚሸጠው ተሸጦ የሚጠገነው ይለያል፣ ግቢውም ይፀዳል።

ፈረቃ መቼ ነው የሚቀረው?

ክፍል ሲሰራ። አንድ ብሎክ መማሪያ ክፍል መገንባት በወላጅ መዋጮ ብቻ የሚወጡት ነገር አይደለም፣ የካፒታል በጀት (ለግንባታ የሚመደብ ብር) ይፈልጋል። ግማሽ ቀን የሚማር ልጅ ሌላውን ግማሽ የት ነው የሚውለው የሚለው ግን ት/ቤቱና ወላጁ አሁኑኑ ሊነጋገሩበት የሚችሉት ነገር ነው፣ ቤተ መፃህፍቱን ለተቃራኒ ፈረቃ ክፍት ማድረግ የሚጠይቀው አንድ ሰው ብቻ ነው።

መፅሀፍ አልደረሰም፣ በቴሌግራም ፒዲኤፍ አውርዱ ተባልን። ስማርት ስልክ የሌለውስ?

አዲሱ ስርዓተ ትምህርት ሲገባ ህትመቱ ከተማሪው ቁጥር ጋር እኩል አልሄደም፣ የሁለተኛ ደረጃው በትምህርት ሚኒስቴር በኩል የአንደኛ ደረጃው በክልሉ በኩል ነው የሚዘጋጀው፣ እኛ ጋ ደግሞ በሲዳሙ አፎም በአማርኛም ስለሚዘጋጅ ስራው ድርብ ነው።

ፒዲኤፉ ስልክ ላላቸው ቤተሰቦች ይረዳል፣ አልክድም። ለሌላቸው የሚሰራው ግን ሼር ማድረግ ነው። ደህና የሰራ አሰራር ያየሁት መፅሀፉ ለልጆቹ በነፍስ ወከፍ ከመታደል ይልቅ ለሦስት ጎረቤታሞች ተሰጥቶ፣ ማን መቼ እንደሚወስደው መምህሯ መዝገብ ላይ የምታሰፍርበት ነው። ልጆቹ የአንድ ሰፈር መሆናቸው ነው ዋናው፣ ማታ አንዱ ቤት ቁጭ ብለው ያነባሉ። ዓመቱ ሲያልቅ መፅሀፉን የማይመልስ ወላጅ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት የሌላ ሰው ልጅ ላይ እየፈረደ መሆኑን ይወቅ።

ት/ቤቱ ራሱ ገቢ መፍጠር አይችልም?

ይችላል፣ የውስጥ ገቢ ይባላል። መንገድ ዳር አጥር ያለው ት/ቤት ሱቅ ሰርቶ ያከራያል፣ አዳራሽ ያለው ለሰርግና ለስብሰባ ያከራያል፣ ሰፊ ግቢ ያለው ሳር ይሸጣል፣ አቮካዶ ሙዝ እንሰት ይተክላል፣ ሻይ ቤቱን በጨረታ ይሰጣል። የሀዋሳ አፈርና ዝናብ ለዚህ የተመቸ ነው፣ አቮካዶ አንዴ ከያዘ ለዓመታት ይሰጣል።

ሁለት ነገር ግን አጥብቄ እላለሁ። ኪራይና ሽያጭ በግልፅ ጨረታ ይሁን፣ ውሉ ደግሞ በየጊዜው ይታደስ፣ ከዓመታት በፊት በተዋዋሉት ዋጋ ዛሬም የሚከራይ የት/ቤት ሱቅ ካለ ከልጆቹ ላይ ነው የሚቀነሰው። ሌላው ድምፅ ነው፣ ከመማሪያ ክፍል ጎን ብየዳ ቤት ወይ ሙዚቃ ቤት አስገብቶ ብር አገኘሁ ማለት አይቻልም።

መዋጮ ካልከፈልክ ልጅህ አይመዘገብም ተባልኩ። ይችላሉ?

አይችሉም። መዋጮ በፈቃድ ነው። ልጅን ከምዝገባ ማስቀረት፣ ሰልፍ ላይ ያልከፈሉ ብሎ ስም መጥራት፣ የውጤት ካርድ መከልከል፣ ይሄ ሁሉ ልክ አይደለም። እኔ የማውቃት እናት ልጇ ካርድ ተከልክሎ ነሐሴን ሙሉ ስትመላለስ ነበር፣ ልጁም ከዛ በኋላ ት/ቤት መሄድ አፈረ። እንዲህ ከገጠማችሁ መጀመሪያ ወተመህ ጋ ሂዱ፣ ካልሆነ ክፍለ ከተማ ትምህርት ፅ/ቤት፣ ከዛ ከተማው ትምህርት መምሪያ፣ ሁሉንም በፅሁፍ አድርጉት፣ ቀን ይኑረው፣ አንድ ኮፒ እጃችሁ ላይ ይቅር።

የሰጠሁት ብር የት እንደገባ እንዴት ነው የማውቀው?

መብታችሁ ነው፣ ከባድም አይደለም። ብር ስትሰጡ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ የመንግስት የገንዘብ መቀበያ ደረሰኝ ሞዴል 64 ይባላል። ደብተር ላይ ስማችሁን ፅፎ "ተመዝግቧል" ማለት ደረሰኝ አይደለም። እቃ ሲገዛ ደግሞ ንብረት ክፍል የሚያስገባው በሞዴል 19 ነው፣ ሲወጣ በሞዴል 22። ይሄን ሦስቱን ቁጥር የያዘ ወላጅ ብዙ ነገር መከታተል ይችላል፦ 40 ደስጣ ወረቀት ተገዛ ከተባለ ሞዴል 19 ላይ 40 መግባቱ፣ ሞዴል 22 ላይ ደግሞ ለማን ስንት እንደወጣ መታየት አለበት። ግዢውም በፕሮፎርማ ነው፣ ሦስት ሱቅ ዋጋ ሰጥቶ ተወዳድሮ። ባንክ አካውንቱ ላይ አንድ ሰው ብቻውን አያወጣም፣ በጣምራ ፊርማ ነው።

የስኩል ግራንት አሰራርም የገባውንና የወጣውን ለህብረተሰቡ ማሳወቅን ይጠይቃል። ማሳወቅ ማለት በሰኔ ስብሰባ ላይ በፍጥነት የሚነበብ ሪፖርት አይደለም። በር ላይ፣ ጥበቃው ጋ፣ ወላጅ ልጁን ሲጠብቅ ሊያነበው በሚችል ትልቅ ፅሁፍ መለጠፍ ነው፦ በዚህ ወር ይሄን ያህል ገባ፣ ለወረቀት ይሄ፣ ለቧንቧ ይሄ፣ የቀረው ይሄ። ይሄን የጀመረ ት/ቤት ውስጥ መዋጮ ሲጨምር በአይኔ አይቻለሁ፣ ብሩ ያው ብር ነው ወላጁም ያው ወላጅ ነው፣ የተቀየረው የተለጠፈው ወረቀት ብቻ ነው። አንዱ ባጃጅ ሹፌር ቆሞ አንብቦ "ቧንቧው ለዚህ ሁሉ ብር? እኔ ባነሰ የሚሰራ ሰው አለኝ" ብሎ በሚቀጥለው ቀን ቧንቧ ሰሪ ይዞ መጣ። ሪፖርቱ ባይለጠፍ ያ ሰው በምን ያውቅ ነበር?

ርዕሰ መምህራን አንዳንዴ ብንለጥፍ ወላጅ ይጨቃጨቀናል ብለው ይፈራሉ። ይጨቃጨቅ። የሚጨቃጨቅ ወላጅ ጉዳዩ የራሱ እንደሆነ የገባው ነው።

ብር የለኝም፣ ግን መርዳት እፈልጋለሁ።

ጉልበትና ሙያ ያው ብር ነው። ቀለም መቀባት፣ አጥር ማጠር፣ ሽንት ቤት መጠገን፣ ሂሳብ የምታውቁ ከሆነ የወተመህን መዝገብ ማገላበጥ። ትምህርት ሚኒስቴር በ2015 መጨረሻ የጀመረው "ትምህርት ለትውልድ" ንቅናቄም በአይነት፣ በጉልበትና በእውቀት የሚሰጠውን ከብሩ ጋር ይቆጥራል። ስለዚህ የሰራችሁትን ግምቱን አስመዝግቡ፣ ለክብር ብቻ ሳይሆን ት/ቤቱ ህብረተሰቡ ይሄን ያህል አድርጓል ብሎ ከመንግስት ማሟያ ለመጠየቅ ይረዳዋል።

የድሮ ተማሪ ነኝ፣ ከውጭ ኮምፒውተር ልላክ?

መጀመሪያ ጠይቁ። አይሲቲ ክፍል ሶኬቱ የማይሰራ፣ መስኮቱ ፍርግርግ የሌለው ከሆነ ኮምፒውተሩ ካርቶኑ ውስጥ ይቀመጣል። ብዙ ጊዜ በጣም የሚያስፈልገው የማይታየው ነገር ነው፣ የውሃ ታንከር፣ የሴት ልጆች ሽንት ቤት በርና ሞዴስ፣ የላብራቶሪ ኬሚካል። ፎቶ አይነሱበትም ግን ልጆችን ት/ቤት ውስጥ ያቆያሉ፣ የወር አበባ በመጣ ቁጥር ሁለት ሦስት ቀን የምትቀር ልጅ በዓመት ስንት ቀን እንደምታጣ አስሉት። የምትልኩትም በግለሰብ አካውንት አይሁን፣ በት/ቤቱ አካውንት፣ ደረሰኙም ይላክላችሁ።

እውነት በጀት ነው ውጤቱን ያበላሸው?

ብቻውን አይደለም። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ያለፈው 3.3 በመቶ ነበር፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4። ይሄ የመላው ሀገር ነው፣ ውስጡ የመምህር ዝግጅትም የኩረጃም የኮቪድና የጦርነቱ ጊዜም አለ። ግን ላብራቶሪ ሳያይ ኬሚስትሪ የተፈተነ፣ መፅሀፍ ለሦስት የተጋራ፣ ግማሽ ቀን የተማረ ልጅ በምን ጉልበት ይለፍ? ድክመቱን ሁሉ በልጁ ላይ ጥዬ መሄድ አልችልም።

ሰኔ ሲደርስ ት/ቤቱ ለምን ይጣደፋል?

የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ይዘጋል፣ እስከዛ ያልተሰራበት የመንግስት በጀት ተመላሽ ይሆናል። ስለዚህ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ስንት ቀረ ብላችሁ ጠይቁ፣ የክረምቱን ጥገና እቃ፣ ጣውላውን፣ ቡሎኑን፣ የመስከረሙን ጠመኔና ወረቀት ያኔ አስገዙት። በሰኔ የመጨረሻ ሳምንት የሚገዛ ነገር ዋጋውም አይጠናም፣ ጥራቱም አይታይም፣ ፕሮፎርማውም ለይስሙላ ይሆናል። የወተመህ ስብሰባ በሚያዝያ እንዲጠራ በፅሁፍ መጠየቅ ትችላላችሁ፣ አጀንዳው አንድ ብቻ ይሁን፣ ቀሪ ሂሳብ።